ከአይጥ መርዝ እስከ ቤተሰብ ሕክምና ክሊኒክ፤ የደም ማቅጠኛ ሕክምና ታሪክና የፋርማሲስቱ ኀላፊነት

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አንድን አሠራር በሚገባ ለመረዳት አመጣጡን መመርመር ይጠቅማል። ዛሬ በካናዳ፣ በአሜሪካና በብሪታንያ በሚገኙ ብዙ የቤተሰብ ሕክምና ክሊኒኮች ፋርማሲስቱ ከሕመምተኛው ጣት አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ ይመረምራል፤ ውጤቱን አንብቦም የሚቀጥለውን ሳምንት የመድኃኒት መጠን ራሱ ይወስናል። መድኃኒቱ ዋርፋሪን ይባላል። መጠኑ ጥቂት ሲያንስ በልብ ወይም በእግር ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል ወይም ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ጥቂት ሲበልጥ ደግሞ ሕመምተኛው በአንጎሉ ወይም በሆድ ዕቃው ውስጥ ደምቶ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለውን መድኃኒት መጥኖ መስጠት ለረጅም ዘመን የሐኪም ብቻ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ሥራው ለፋርማሲስቱ ሊተላለፍ የቻለው ሦስት ነገሮች ተራ በተራ ከተሟሉ በኋላ ነው። እነዚህም የመድኃኒቱ መታወቅ፣ የመለኪያው መስተካከልና ሕመምተኛውን ሳያቋርጥ የሚከታተል ባለሙያ መገኘት ናቸው። ከዚህ በታች የሦስቱም ታሪክ በቅደም ተከተል ይቀርባል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሻገተው ድርቆሽ

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ በካናዳና በሰሜናዊ አሜሪካ ሜዳዎች በሚረቡ ከብቶች ላይ ያልታወቀ በሽታ ወረደ። ቀንዱ የተቈረጠ ወይም የተኮላሸ ከብት ከዚያች ትንሽ ቁስል የሚወጣው ደም አልቆም ብሎ ይሞት ነበር፤ ያልቈሰለውም በውስጡ ደምቶ ይወድቅ ነበር። በኦንታሪዮ የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪ የነበረው ፍራንክ ስኮፊልድ የጥፋቱ ምንጭ ስዊት ክሎቨር የተባለ፣ ከአገራችን ማገጥ ጋር የሚዛመድ የመኖ ተክል መሆኑን ደረሰበት። ተክሉ በደኅናው ጊዜ ለከብት የሚስማማ ነው። እርጥበት አግኝቶት ድርቆሹ ሲሻግት ግን ወደ መርዝነት ይለወጣል። ቈይቶም በሰሜን ዳኮታ ሊ ሮደሪክ የተባለ ተመራማሪ፣ ይህን ድርቆሽ በበሉ ከብቶች ደም ውስጥ ፕሮትሮምቢን የተባለውና ለደም መርጋት አስፈላጊ የሆነው ንጥረ ነገር እንደሚጐድል አሳየ።

ጉዳዩ ከከብት በረት ወደ ቤተ ሙከራ የተሻገረው በየካቲት ወር 1933 ነው። ኤድ ካርልሰን የተባለ የዊስኮንሲን ገበሬ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መኪናውን ነድቶ ወደ ማዲሰን ከተማ መጣ። የያዘው የሞተች ጊደር፣ በወተት ቢዶን የተሞላ ያልረጋ ደምና 45 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የሻገተ ድርቆሽ ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ ስለ ነበረ የእንስሳት ሐኪሙ መሥሪያ ቤት ተዘግቶ አገኘው። ሲዘዋወር በመጨረሻ የደረሰው በዩኒቨርሲቲው የባዮኬሚስትሪ መምህር በነበረው በካርል ፖል ሊንክ ቤተ ሙከራ ደጃፍ ነው። ሊንክ በዚያን ሰዓት ሊሰጠው የቻለው ምክር ያንን ድርቆሽ ለከብቶቹ መመገብ እንዲያቆም ብቻ ነበር። ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት የበረታበት ስለ ነበረ፣ ድርቆሹን ጥሎ ሌላ መኖ መግዛት ለገበሬው ቀላል ነገር አልነበረም። ካርልሰን ወደ መንደሩ ተመለሰ፤ ሊንክና ረዳቱ ዩገን ሾፌል ግን የተተወላቸውን ደም ሲመረምሩ አመሹ።

ምርመራው ስድስት ዓመት ፈጀ። በ1939 የሊንክ ባልደረባ ሃሮልድ ካምብል መርዙን በንጹሕ መልኩ ለይቶ አወጣ፤ ብዙም ሳይቈይ የኬሚካል ቅርጹ ታውቆ ዲኩማሮል የሚል ስም ተሰጠው። ለተክሉ ጣፋጭ ሽታ የሚሰጠው ኩማሪን የተባለው ንጥረ ነገር ራሱ ደምን አይነካም፤ ሻጋታው በሚለውጠው ጊዜ ግን ዲኩማሮል ይገኛል። በዚያው ዘመን በኮፐንሃገን ሄንሪክ ዳም የተባለው ሳይንቲስት በዶሮዎች ላይ ባደረገው ምርምር ቫይታሚን ኬን አግኝቶ ነበር። ለዚህም በ1943 የኖቤል ሽልማትን ከኤድዋርድ ዶይሲ ጋር ተካፍሏል። ቫይታሚን ኬ ደም እንዲረጋ የሚረዳ ሲሆን፣ ዲኩማሮል የዚህን ቫይታሚን ሥራ ያግዳል። ስለዚህ መርዙና ማርከሻው በአንድ ዘመን ተገኙ ማለት ይቻላል።

ዲኩማሮል በ1940ዎቹ ለሰው መሰጠት ጀመረ። ሊንክ ግን ከዚህ የበረታ ውሁድ መርጦ ለአይጥ ማጥፊያ እንዲውል አደረገ። ውሁዱ ለምርምሩ ገንዘብ ከሰጠው የዊስኮንሲን የቀድሞ ተማሪዎች የምርምር ድርጅት የስም ምሕፃርና ከኩማሪን መጨረሻ ተውጣጥቶ ዋርፋሪን ተባለ፤ በ1948ም ለገበያ ቀረበ። በአማርኛ የአይጥ መርዝን «የአይጥ መድኃኒት» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። በዋርፋሪን ታሪክ እነዚህ ሁለት ስሞች በአንድ ዕቃ ላይ ተገናኝተዋል። በ1951 አንድ አሜሪካዊ ምልምል ወታደር ራሱን ለመግደል ብሎ ይህን የአይጥ መርዝ ደጋግሞ ዋጠ፤ ሆኖም በሆስፒታል ቫይታሚን ኬ ተሰጥቶት ዳነ። ይህ አጋጣሚ ሐኪሞችን ሁለት ነገር አስተማራቸው። አንደኛ፣ ዋርፋሪን በሰው ደም ላይ በኀይል ይሠራል፤ ሁለተኛ፣ የሠራው ሥራ ሊመለስ ይችላል። በ1954 መድኃኒቱ ለሰው እንዲሰጥ ተፈቀደ። በ1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የልብ ሕመም ባጋጠማቸው ጊዜ ከተሰጧቸው መድኃኒቶች አንዱ ይኸው ነበር።

የማይመሳሰሉ መስፈሪያዎች

የመድኃኒቱ መገኘት ብቻውን አልበቃም። ለአንዱ ሕመምተኛ በቀን 2 ሚሊ ግራም ዋርፋሪን ሲበቃው ለሌላው 10 ሚሊ ግራም ሊያስፈልገው ይችላል። ዕድሜ፣ የጉበት ሁኔታ፣ ምግብ፣ አብሮ የሚወሰድ ሌላ መድኃኒትና ከወላጅ የሚወረስ ተፈጥሮ ልዩነቱን ያመጡታል። ከዚህም የተነሣ ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው የሕመምተኛው ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ በመለካት ነው። ይህን ምርመራ በ1935 ያስተዋወቀው አርማንድ ክዊክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ከደሙ በተለየው ፕላዝማ ላይ ትሮምቦፕላስቲን የተባለ ቅመምና ካልሲየም ይጨመርበትና እስኪረጋ ድረስ ያለው ጊዜ በሴኮንድ ይቈጠራል። የጤነኛ ሰው ፕላዝማ በ12 ሴኮንድ ገደማ ይረጋል እንበል። የሕመምተኛው በ24 ሴኮንድ ቢረጋ ንጽጽሩ 2 ነው ይባላል።

ችግሩ የነበረው በቅመሙ ላይ ነው። ትሮምቦፕላስቲን ከአካል ክፍል የሚጨመቅ ነገር በመሆኑ ኀይሉ እንደ ምንጩና እንደ አሠራሩ ይለያያል። በአሜሪካ ብዙ ጊዜ ከጥንቸል አንጎል የተዘጋጀው ይሠራበት ነበር፤ በብሪታንያ ደግሞ በማንቸስተር ከሰው አንጎል የሚዘጋጀው ተስፋፍቶ ነበር። የመጀመሪያው የደሙን መለወጥ ቶሎ አያስታውቅም፤ ሁለተኛው ግን ጥቂቷንም ለውጥ ያሳያል። በቀድሞው ዘመን በአገራችን የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ጋር እኩል እንዳልነበረ ሁሉ፣ የአንዱ ላቦራቶሪ «ሁለት» ከሌላው ላቦራቶሪ «ሁለት» ጋር እኩል አልነበረም። ገበያተኛው በቁና ልዩነት እህል ያጐድል ነበር፤ ሕመምተኛው ግን የሚያጐድለው ደሙን ነበር። አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በብሪታንያ መጽሔት ላይ ያነበበውን ንጽጽር በራሱ ላቦራቶሪ ለማግኘት ሲል፣ ሳያውቀው የመድኃኒቱን መጠን ከሚገባው በላይ ከፍ ያደርግ ነበር።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በግልጽ የታየው በ1982 ነው። በካናዳ በሃሚልተን ከተማ ራስል ሃልና ባልደረቦቹ በእግራቸው ደም ሥር ውስጥ ደም የረጋባቸውን 96 ሕመምተኞች በሁለት ከፈሏቸው። የአንደኛው ወገን መጠን የተወሰነው በተለመደው የአሜሪካ ቅመም ሲሆን፣ የሁለተኛው የተወሰነው በማንቸስተር ቅመም ነበር። በመጀመሪያው ወገን ከመቶ 22 ያህሉ ሲደሙ በሁለተኛው የደሙት ከመቶ 4 ብቻ ሆኑ። ደም እንደ ገና በመርጋቱ በኩል ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። በዚህም ሕመምተኞች ለዓመታት ያለ ጥቅም ሲደሙ መኖራቸው ታወቀ።

በ1983 የዓለም የጤና ድርጅት አንድ የጋራ መለኪያ አጸደቀ። ማንኛውም ቅመም ሠሪ ምርቱን ከዓለም አቀፉ ናሙና ጋር አስተያይቶ የቅመሙን የንቃት ቍጥር በሣጥኑ ላይ እንዲያትም ተደነገገ። ላቦራቶሪው ያገኘውን ንጽጽር በዚህ ቍጥር ልክ ለራሱ ሲያበዛው ውጤቱ አይ.ኤን.አር. ይባላል። ለምሳሌ ከላይ የተጠቀሰው ንጽጽር 2 የተገኘው የንቃት ቍጥሩ 1 በሆነ ቅመም ከሆነ አይ.ኤን.አር. 2 ነው፤ ለብዙዎቹ ሕመምተኞች የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 በመሆኑ ይህ ደኅና ውጤት ነው። የንቃት ቍጥሩ 2 በሆነ ቅመም ከሆነ ግን ሁለት በሁለት ተባዝቶ 4 ይሆናል፤ ይህም አደገኛ ነው። በሁለቱም ላቦራቶሪዎች ሰዓቱ ያሳየው 24 ሴኮንድ ሲሆን ፍርዱ ግን ተቃራኒ ነው። ከ1983 በኋላ በአንድ ከተማ የተጻፈ ቍጥር በሌላ ከተማ ያው ትርጕም ኖረው። ለሕክምናው የሚያገለግል የጽሑፍ መመሪያ አዘጋጅቶ ከአንዱ ባለሙያ ለሌላው ማስተላለፍ በአስተማማኝ ሁኔታ የተቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዘግይቶ የሚመልስ ሥራ

መለኪያው ከተስተካከለ በኋላም አስቸጋሪ ሆኖ የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ዋርፋሪን በደም ውስጥ ያለውን ፕሮትሮምቢን አያጠፋም፤ አዲስ የሚሠራውን ብቻ ያግዳል። ቀድሞ የተሠራው ግማሹ ከደም እስኪወጣ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የተጨመረ ክኒን ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከብዙ ቀናት በኋላ ነው። ነገሩ በረጅም የመስኖ ቦይ ራስ ላይ ቆሞ ውኃ እንደሚለቅ ሰው ነው። ውኃው ከማሳው እስኪደርስ የማይታገሥና በየጊዜው መክፈቻውን የሚያሰፋ ሰው በመጨረሻ ማሳውን ያጥለቀልቀዋል፤ ደንግጦ ሲዘጋው ደግሞ ያደርቀዋል።

በተለመደው አሠራር ይህ ስሕተት በቀላሉ የሚደርስ ነበር። ደሙ ጠዋት ይቀዳል፤ ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ወይም በማግሥቱ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል፤ ሐኪሙም በብዙ ሕመምተኞች ተይዞ ይውላል። ሕመምተኛው ሳይመጣ ቢቀር የሚፈልገው ሰው የለም። በሌላ ቦታ የተሰጠውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ማንም ሳይጠይቀው ይቀራል። ይሁንና ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል የዋርፋሪንን ኀይል ከፍ ያደርጋሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ በእጅጉ ዝቅ ያደርገዋል። ሥራው ይፈልግ የነበረው ቀጠሮን፣ መዝገብንና የመድኃኒቶችን ግጭት ዘወትር የሚያስብ ሰው ነው። ኔዘርላንድስ ይህን ቀድማ ተገንዝባ ከ1949 ጀምሮ በኡትሬክት ከተማ ለዚሁ ብቻ የቆመ አገልግሎት አቋቁማ ነበር። ሌሎች አገሮች ግን መፍትሔውን ያገኙት በሌላ መንገድ ነው።

ከመደርደሪያው ወደ ሕመምተኛው

እስከ 1960ዎቹ ድረስ የፋርማሲስቱ ሥራ የታዘዘውን መቀመም፣ መቍጠርና ማደል ነበር። በ1966 በሳን ፍራንሲስኮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የተጀመረ ሙከራ ፋርማሲስቶችን ከመድኃኒት ቤት አውጥቶ ሕመምተኞች ወደ ተኙበት ክፍል አመጣቸው። በ1979 የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ፋርማሲስቶች ከሐኪም ጋር በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት የመድኃኒት መጠን እንዲወስኑ በሕግ ፈቀደ። በዚያው ዓመት በፋርማሲስቶች የሚመራ የደም ማቅጠኛ ክትትል በአሜሪካ የሙያ መጽሔት ላይ ተዘገበ፤ ከዚያም ሌሎች ተከተሉ።

ከሐኪሞች ወገን የቀረበው ጥያቄ ተገቢ ነበር። ሕመምተኛው ቢደማ ተጠያቂው ማን ነው? ደረቱን ያላዳመጠ፣ ሆዱን ያልዳሰሰ ሰው የመድኃኒት መጠን እንዴት ይለውጣል? ለዚህ የተሰጠው መልስ በጽሑፍ የሰፈረ መመሪያ ነው። ሕመሙን መርምሮ ሕክምናውን የሚጀምረውና የሚፈለገውን የአይ.ኤን.አር. ወሰን የሚያዝዘው ሐኪሙ ነው። ፋርማሲስቱ በዚያ ወሰን ውስጥ መጠኑን ያስተካክላል፤ ውጤቱ ከተቈረጠለት ልክ ካለፈ ወይም የመድማት ምልክት ከታየ ወዲያውኑ ሐኪሙን ይጠራል። እንደ ልማዱም ለውጡ የሚታሰበው በሳምንቱ ጠቅላላ መጠን ላይ ሲሆን፣ ከመቶ 5 እስከ 20 የሚደርስ ነው። ከዚህ በታች የሆነ ለውጥ ብዙም አይታይም፤ ከዚህ በላይ የሆነ ደግሞ በቦዩ ራስ ላይ እንደ ተቻኰለው ሰው ያደርጋል።

በ1998 ከቴክሳስ ከሳን አንቶኒዮ የወጣ ጥናት ይህን አሠራር በቍጥር ደገፈው። በፋርማሲስቶች በሚመራው ክሊኒክ ከባድ መድማት በዓመት ከመቶ ሕመምተኞች 1.6 ሲሆን በተለመደው ክትትል 3.9 ነበር። የደም መርጋት አደጋ ደግሞ 3.3 እና 11.8 ሆኖ ተገኘ።

በቤተሰብ ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ

እነዚህ ክሊኒኮች የነበሩት በአብዛኛው በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። በዕድሜ የገፋ ሕመምተኛ ለአንዲት ጠብታ ደም ብሎ ረጅም መንገድ መመላለስ ነበረበት። በ1990ዎቹ ከጣት በተወሰደ ደም ውጤቱን በጥቂት ደቂቃ የሚሰጡ ትንንሽ መሣሪያዎች ሲስፋፉ ክትትሉ ወደ ሕመምተኛው ሰፈር ሊቀርብ ቻለ። በ1993 ደግሞ በኔዘርላንድስ ፍሪትስ ሮዘንዳልና ባልደረቦቹ አንድ ሕመምተኛ ከመቶ ስንቱን ቀን በተፈለገው ወሰን ውስጥ እንዳሳለፈ የሚያሰሉበትን ዘዴ አወጡ። በሁለት ምርመራዎች መካከል ያለው ለውጥ ቀጥ ያለ መስመር ነው ተብሎ ይታሰብና በወሰኑ ውስጥ የዋሉት ቀናት ይቈጠራሉ። በዚህ ዘዴ የአንድን ክሊኒክ የሥራ ጥራት ከሌላው ጋር ማመዛዘን ተቻለ።

በ1996 በብሪታንያ፣ በጠቅላላ ሐኪሞች ክሊኒክ ውስጥ በፋርማሲስት የሚመራ የደም ማቅጠኛ ክትትል ተመዝኖ ውጤቱ ታተመ። በካናዳ በኦንታሪዮ በ2004 የተጀመረ ሙከራ ፋርማሲስቶችን በሰባት የቤተሰብ ሕክምና ክሊኒኮች ከሐኪሞች ጋር እንዲሠሩ መደበ፤ ክፍለ ግዛቱም ከ2005 ጀምሮ የቤተሰብ ጤና ቡድኖችን አቋቋመ። በ2011 ከኒውፋውንድላንድ የታተመ ጥናት የአንድን የቤተሰብ ሕክምና ክሊኒክ ሕመምተኞች ከለውጡ በፊትና በኋላ 17፣ 17 ወራት አነጻጽሯል። ሐኪሞች ብቻ በሚከታተሉበት ጊዜ በወሰኑ ውስጥ ያለፉት ቀናት ከመቶ 65 ነበሩ፤ ፋርማሲስቱ ሲረከብ 73 ሆኑ። በኒውዚላንድም በ15 መድኃኒት ቤቶች የተደረገ ሙከራ ከመቶ 61.8 የነበረውን ወደ 78.6 ከፍ አድርጎታል። በዚህኛው ፋርማሲስቱ መጠኑን የሚወስነው በኮምፒውተር ስሌት እየታገዘ ነው።

እነዚህን ቍጥሮች በጥንቃቄ መመልከት ይገባል። በፊትና በኋላ የሚያነጻጽር ጥናት፣ ለውጡን ያመጣው ባለሙያው ይሁን ወይም አብሮ የተለወጠ ሌላ ነገር፣ በእርግጠኝነት አይለይም። በ2003 በካናዳ ሕመምተኞችን በዕጣ መድቦ የተሠራ ጥናት የደም ማቅጠኛ ክሊኒኮችን ከቤተሰብ ሐኪሞች ጋር አወዳድሮ ነበር። ሰፋ ተደርጎ በተወሰነ ልክ ውስጥ ያለፈው ጊዜ ከመቶ 82 እና 76 ሆኖ ተገኝቷል፤ ልዩነቱ አለ፣ ነገር ግን ሰፊ አይደለም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ የሚተጋ ሐኪም መዝገብና ቀጠሮ ካለው ደኅና ውጤት ያገኛል የሚል ነው። ፋርማሲስቱ ለክሊኒኩ ያመጣው ትልቁ ጥቅም ያ ትጋት በአንድ ሐኪም ጠባይ ላይ ብቻ ሳይመሠረት የዕለት ተዕለት ሥራ እንዲሆን ማድረጉ ነው።

አዲሶቹ መድኃኒቶችና የአገራችን ሕመምተኛ

ከ2010 ጀምሮ ዳቢጋትራን፣ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን የተባሉ መድኃኒቶች በተከታታይ ተፈቀዱ። እነዚህ የዘወትር የደም ምርመራ ስለማይፈልጉ ለብዙ ሕመምተኞች በዋርፋሪን ቦታ ገብተዋል። ከዚህም የተነሣ የዋርፋሪን ክትትል ዘመኑ ያለፈበት ሥራ ይመስል ይሆናል። ሆኖም በብረት የተሠራ የልብ ቫልቭ የገባላቸው ሰዎች ዛሬም ያለ ዋርፋሪን መኖር አይችሉም። በ2022 በ24 አገሮች በ4,531 ሕመምተኞች ላይ የተሠራ ጥናትም፣ በቁርጥማት የልብ በሽታ ሳቢያ የልብ ምታቸው ለተዛባ ሰዎች ከሪቫሮክሳባን ይልቅ የዋርፋሪን ወገን የሆኑት መድኃኒቶች ብዙ ሕይወት እንደሚያተርፉ አሳይቷል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። በልጅነት ከሚይዝ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው ይህ የልብ በሽታ በበለጸጉት አገሮች እየጠፋ ሲሄድ በአገራችን ግን ወጣቶችን ያጠቃል። ስለዚህ ዋርፋሪን በሌላ አገር የሽማግሌ መድኃኒት ቢሆን፣ በኢትዮጵያ የተማሪና የወላድ መድኃኒት ነው። ለነፍሰ ጡር ደግሞ በፅንሱ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ምክሩ ቀድሞ መሰጠት ይኖርበታል።

የምግቡም ነገር እንደዚሁ የአገሩን ኑሮ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል። ጎመን ብዙ ቫይታሚን ኬ አለው። በፍስክ ወራት እምብዛም የማይበላው ሕመምተኛ በዐቢይ ጾም ዘወትር ሲመገበው የመድኃኒቱ ኀይል ሊቀንስ ይችላል። ምክሩ ጎመን ይቅር አይደለም። «ጎመን በጤና» ያለው ሕዝብ ጎመኑንም ጤናውንም ይዞ እንዲኖር፣ የአመጋገቡ መጠን እንዳይለዋወጥ ማድረግና በጾሙ መግቢያና መውጫ ምርመራውን ማቀራረብ ይበቃል። ይህን መጠየቅና መመዝገብ በጥድፊያ በሚያልፍ የሐኪም ቀጠሮ የሚከናወን አይደለም። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የፋርማሲ ትምህርት ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሕመምተኛው እንዲያተኩር ተሻሽሏል፤ በመሆኑም ለዚህ ሥራ የሠለጠኑ ወጣቶች አሉ።

ታሪኩ የሚያሳየው ግን የሠለጠነ ሰው መኖር ብቻ እንደማይበቃ ነው። አገልግሎቱን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ የሚያስብ ማንኛውም መሥሪያ ቤት አስቀድሞ የሚከተሉትን ማሟላት ይኖርበታል። ላቦራቶሪው የቅመሙ ሣጥን በተለወጠ ቍጥር አዲሱን የንቃት ቍጥር አይቶ ስሌቱን ያስተካክል። የጣት መመርመሪያው መሣሪያ በየጊዜው ከላቦራቶሪው ውጤት ጋር ይመሳከር። የፋርማሲስቱና የሐኪሙ የሥራ ወሰን በጽሑፍ ይስፈር። ቫይታሚን ኬ በመደርደሪያው ላይ ይኑር። በቀጠሮው ቀን ያልመጣውን ሕመምተኛ ስልክ ደውሎ የሚፈልግ ሰው ይመደብ። ሕመምተኛውም መጠኑና ውጤቱ የተጻፈበትን ካርድ ይዞ ይሂድ፤ በሄደበት አገር ቢታመም የሚያክመው ሰው በካርዱ ላይ ያለውን ቍጥር አንብቦ ወዲያው ሥራውን መጀመር እንዲችል።